የፕላንክቶኒክ ፎራም ፎሲል እንዴት እንደሚለይና ስሙ ወደ ሌላ ጂነስ እንዴት እንደሚዛወር

ይሄን የምጽፈው ማይክሮፓሊዮንቶሎጂ ገና ጀምራችሁ ማይክሮስኮፕ ስር ነጫጭ ቅርፊት ብቻ ለሚታያችሁ፣ የድሮ ጥናት ላይ ያለው ስም አዲሱ ላይ ሌላ ሆኖ ግራ ለገባችሁ ነው። ፕላንክቶኒክ ፎራሚኒፌራ (ከዚህ በኋላ ፎራም ብቻ እላቸዋለሁ) ውቅያኖስ ላይ የሚንሳፈፉ ባለ አንድ ሴል ፍጥረቶች ናቸው፣ የካልሳይት ቅርፊት ይሠራሉ፣ ሲሞቱ ቅርፊቱ ወደ ወለሉ ይወርድና ደለል ይሆናል። ዛሬ በሕይወት ያሉት ወደ 50 ስፒሽስ (ዝርያ) ናቸው፣ የጠፉት ግን በብዙ መቶ ነው የሚቆጠሩት። የድንጋዩ ዕድሜ በሉት የጥንቱ ባሕር ሙቀት በሉት፣ ሁሉም ስሙ ላይ ነው የሚመሠረተው። የኢዮሲንና የኦሊጎሲን ድንበር ለምሳሌ (ሁለቱም የምድር ታሪክ የተከፈለባቸው ዘመኖች ናቸው)፣ 33.9 ሚሊዮን ዓመት የሚባለው፣ ጣልያን ማሲኛኖ ላይ የተቆረጠው ሀንትኬኒና የሚባሉት ፎራሞች የጠፉበትን ቦታ ይዞ ነው፣ እና ሀንትኬኒና ያልሆነውን ሀንትኬኒና ካላችሁት ድንበራችሁ ራሱ ቦታውን ይለቃል።

ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ምሳሌ ነው የምከተለው፣ ግሎቢጀሪኖይደስ ተብሎ የኖረው ጂነስ (ተዛማጅ ስፒሽሶች በአንድ ስም የሚሰበሰቡበት ቡድን) በ2015 ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ ትራይሎባተስ የተባለበትን (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። ሥራው እንዴት እንደሚሠራ ከሱ የተሻለ የሚያሳይ አላውቅም።

ደረጃ 1፦ ማጠብ

ከኮሩ (ከባሕር ወለል ተቆፍሮ ከወጣው የደለል ዘንግ) የተቆረጠውን ደለል አድርቁና መዝኑ፣ በግራም ስንት ፎራም እንዳለ በኋላ ለማስላት ክብደቱ ያስፈልጋችኋል። ከዛ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፉት፣ ጭቃው አልላቀቅ ካለ ትንሽ ካልጎን የሚባለውን ጭቃ የሚያላቅቅ ዱቄት ጨምሩና ቀስ ብላችሁ አማስሉት፣ ከዛ 63 ማይክሮን ወንፊት ላይ ከስሩ የሚወርደው ውሃ እስኪጠራ ድረስ በቀጭን ውሃ እጠቡት። ዲስቲልድ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፋችሁ አትሂዱ፣ ትንሽ አሲድነት ስላለው ካልሳይቱን ይበላል፣ ቀድሞ የሚበላው ደግሞ በኋላ አጥብቃችሁ የምትፈልጉት የግድግዳው ገጽ ነው። ማድረቂያ ኦቨኑን ከ50 ዲግሪ በላይ አታስኪዱት።

ብዙ ሰው የሚዘለው የወንፊቱን ጽዳት ነው። በሁለት ሳምፕል መሃል ወንፊቱን አጥባችሁ ሜቲሊን ብሉ የሚባል ሰማያዊ ቀለም ውስጥ ንከሩት። ቀዳዳው ውስጥ ተሰንቅሮ የቀረ ቅርፊት ካለ ሰማያዊ ይሆናል፣ ስለዚህ ቀጣዩ ሳምፕል ውስጥ ሰማያዊ ፎራም ካያችሁ የሌላ ሳምፕል ነውና ከቆጠራው አውጡት። የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው፣ ግን አንድ የፕሊዮሲን ቅርፊት በዕድሜ የሚበልጠው የማዮሲን ዘመን ሳምፕል ውስጥ ገብቶ "ስፒሽሱ ከታሰበው ቀድሞ ነው የጀመረው" የሚል ነገር እንዳታወጡ የሚያድናችሁ እሱ ነው።

ደረጃ 2፦ መክፈልና መልቀም

የደረቀውን በ150 ማይክሮን ወንፊት ንፉት (አንዳንዱ በ125 ይሠራል፣ የትኛውን እንደተጠቀማችሁ ብቻ ጻፉ፣ ካልጻፋችሁ ቁጥራችሁን ማንም ከራሱ ጋር ማወዳደር አይችልም)። ከዛ በማይክሮስፕሊተር እያጋመሳችሁ ወደ 300 ቅርፊት የሚሆን ሲቀር ጥቁር ትሪ ላይ በትኑትና በረጠበ ቀጭን ብሩሽ እየለቀማችሁ ባለ 60 ካሬ ስላይድ ላይ ደርድሩት። የተከፈለውን በሙሉ ልቀሙ፣ ትልልቁንና ያማረውን ብቻ አይደለም። ትንንሾቹ ውስጥ ግልገሎቹ አሉ፣ የተለያየ ስፒሽስ ግልገል ደግሞ በጣም ይመሳሰላል፣ ስለዚህ እርግጠኛ ያልሆናችሁበትን "ያልተለየ" የሚል ካሬ ስጡት እንጂ በግምት ወደ አንዱ አትወርውሩት።

ደረጃ 3፦ ሦስቱን ገጽ ማየት

አንድ ፎራም ከአንድ በኩል ታይቶ ስም አይሰጠውም። ጥቅልሉ የሚታይበት የጀርባ ገጽ አለ፣ እምብርቱና ብዙ ጊዜ አፉ ያለበት የሆድ ገጽ አለ፣ የጠርዝ ገጽ አለ፣ ሦስቱንም በብሩሽ እያገላበጣችሁ እዩ። የምትመዘግቡት፦ መጨረሻው ዙር ላይ ስንት ክፍል አለ፣ ክፍሎቹ ድቡልቡል ናቸው ወይስ ጠፍጣፋ፣ ጥቅልሉ ወደ ግራ ነው ወደ ቀኝ፣ ዋናው አፍ እምብርቱ ላይ ነው ወይስ ወደ ጠርዙ ይሄዳል፣ ቅስቱ ከፍ ያለ ነው ወይስ ዝቅ ያለ ስንጥቅ፣ ተጨማሪ አፎች አሉ ወይ፣ ጠርዙ ላይ ኪል የሚሉት ሹል ድንበር አለ ወይ።

ምሳሌያችን ላይ ዋናው ነገር አፉ ነው። ግሎቢጀሪኖይደስ ውስጥ ከነበሩት ስፒሽሶች ሩበርና ሳኩሊፈር የሚባሉትን እንያቸው። ሩበር ላይ ዋናው አፍ ሰፊ ቅስት ሆኖ ከፊቱ ያሉት ሁለት ክፍሎች የሚገናኙበት መስመር ላይ መሃል ለመሃል ይቀመጣል። ሳኩሊፈር ላይ ግን አፉ ዝቅ ያለ ነው፣ ሲያድግ ደግሞ መጨረሻ ላይ ከረጢት የመሰለ ረዘም ያለ ክፍል ሊያወጣ ይችላል። ሁለቱም ግን ጀርባቸው ላይ ተጨማሪ አፍ አላቸው፣ ኩሽማን የሚባለው የፎራም ተመራማሪ በ1927 ግሎቢጀሪኖይደስ የሚለውን ጂነስ ያቆመው ይሄን ይዞ ነው፣ ጀርባው ላይ ተጨማሪ አፍ ያለው ሁሉ እዛ እየተከተተ ለብዙ አስርት ዓመታት ቆየ።

ደረጃ 4፦ ግድግዳውን ማንበብ

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ ጊዜ ስጡት፣ ምክንያቱም የውጪው ቅርጽ ዝምድናን በደንብ አይነግራችሁም። ኪል ያለውን ጠፍጣፋ ቅርጽ ተመልከቱ፣ ክሬቴሸስ ላይ ግሎቦትረንካና ያዘው፣ ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት ዳይኖሰሮቹ ባለቁበት ጊዜ ከነዘመዶቹ ጠፋ፣ ከዛ ፓሊዮሲን ላይ ሞሮዞቬላ እንደገና ተመሳሳይ ቅርጽ ይዞ መጣ፣ እሱም ጠፍቶ ደግሞ ግሎቦሮታሊያ ያንኑ ይዞ መጣ። ሦስቱ አንዱ ከሌላው የወረሱት አይደለም፣ በየራሳቸው ነው የደረሱበት። ስለዚህ "ኪል ስላላቸው አንድ ቤተሰብ ናቸው" ማለት አይቻልም።

ግድግዳው የዘር ግንዱን በተሻለ ይይዛል፣ ያለፉት ሃምሳ ዓመታት ምደባም የተመሠረተው በሱ ላይ ነው። የምትጠይቁት ይሄ ነው፦ በሕይወት እያለ ሹል እሾህ ነበረው ወይ (ፎሲሉ ላይ እሾሁ ራሱ ይረግፋል፣ የምትፈልጉት የተተከለበትን ትንሽ ቀዳዳ ወይ ጉብታ ነው)፣ ገጹ እንደ ማር እንጀራ ባለ ጉድጓድ ነው ወይስ ለስላሳ፣ የግድግዳው ቀዳዳዎች ከ1 ማይክሮን በታች ናቸው ወይስ ከዛ በላይ፣ ሞሮዞቬላና አካሪኒና ላይ እንደሚታየው ኪንታሮት የመሰለ ሻካራ ጉብታ አለው ወይ።

ይሄ በተራው ማይክሮስኮፕ በደንብ አይታይም፣ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ያስፈልጋል። ቅርፊቱ ለሱ ሲባል ወርቅ ከመቀባቱ በፊት ግን በተራው ማይክሮስኮፕ በከለር ፎቶ አንሱት፣ ወርቁ ከተቀባ በኋላ ከለሩን አታዩትም፣ ሩበር ላይ ደግሞ ሮዝ ወይስ ነጭ የሚለው ትልቅ ነገር ነው። ሮዙ ሩበር ከሕንድና ከፓስፊክ ውቅያኖስ የጠፋው ከዛሬ 120 ሺ ዓመት ገደማ በፊት ነው፣ አትላንቲክ ላይ ግን እስከ ዛሬ አለ። ስለዚህ ለምሳሌ ከኤደን ባሕረ ሰላጤ ኮር የምትሠሩ ከሆነ ሮዝ ቅርፊት ማየት ስትጀምሩ ያ ደለል ከዛ ጊዜ በላይ ያረጀ ነው ማለት ነው። (በነገራችን ላይ በ1972 እዛ ከተቆፈሩት ኮሮች ውስጥ የሐዳሩ ሲዲ ሃኮማ የእሳተ ገሞራ አመድ በኬሚስትሪው ተለይቶ ተገኝቷል፣ ሉሲ የተገኘችበት አካባቢ አመድና የባሕሩ ደለል አንድ ኮር ላይ መገናኘታቸው እኔን ሁሌም ይደንቀኛል።)

የአጠባበቁ ሁኔታም ይወስናል። ካልኬር (ኖራ የበዛበት) ጭቃ ውስጥ የቆየ ቅርፊት ብዙ ጊዜ ዳግም ክሪስታል ሠርቶ በረዶ ይመስላል፣ እሱ ላይ የእሾህ ቀዳዳ ስላላያችሁ ብቻ እሾህ አልነበረውም ብላችሁ አትጻፉ። በሸክላ አፈር ውስጥ የተጠበቀው ግን መስታወት ሆኖ ይወጣል፣ ለዚህ ዝነኛው ጎረቤታችን ታንዛኒያ ነው፣ ኪልዋና ሊንዲ አካባቢ የተቆፈረው የፓሊዮጂን ደለል ሌላ ቦታ ላይ የተደፈኑ ነገሮችን ቁልጭ አድርጎ አሳይቷል። የጂነስ ክርክር ሲነሳ ማስረጃው ከመስታወታማ ቅርፊት መጥቶ እንደሆነ መጀመሪያ ጠይቁ።

ደረጃ 5፦ ከዋናው ናሙና ጋር ማስተያየት

ስም የታሰረው ከአንድ ናሙና ጋር ነው፣ መጽሐፍ ላይ ካለው የሌላ ሰው ፎቶ ጋር አይደለም። ፎራም የእንስሳት ስም አሰጣጥ ሕግን ነው የሚከተለው፣ ስለዚህ ስፒሽሱ ስም ሰጪው ራሱ የመረጠው ናሙና፣ ሆሎታይፕ የሚባለው፣ ይኖረዋል፣ ሰጪው ካልመረጠ በኋላ ከመጀመሪያዎቹ ናሙናዎች መሃል የተመረጠ ሌክቶታይፕ ይኖረዋል፣ ሁሉም ከጠፋ ኒዮታይፕ። ዶርቢኒ የሚባለው ፈረንሳዊ ተመራማሪ በ1826 ቡሎይደስ የሚባለውን ስፒሽስ ሲሰይም ሆሎታይፕ የሚባል ነገር ገና አልነበረም፣ ሌክቶታይፑ የተመረጠለት በ1960 ነው። የዶርቢኒ ናሙናዎች ፓሪስ ናቸው፣ ቻሌንጀር የምትባለው መርከብ ከ1872 እስከ 1876 ዞራ የሰበሰበችውና ብሬዲ የሚባለው ተመራማሪ የሠራበት ለንደን ነው ያለው፣ የኩሽማን ስብስብ ዋሽንግተን ስሚዝሶኒያን ነው። መሄድ አይጠበቅባችሁም፣ የብዙዎቹ ሆሎታይፖች በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ተነስተው ማይክሮታክስ በሚባለው ዳታቤዝ ላይ በነጻ ተቀምጠዋል።

እዛ ገብታችሁ ሦስት ነገር ጎን ለጎን ክፈቱ፣ የሆሎታይፑን ፎቶ፣ የመጀመሪያውን ገለጻ፣ የናንተን ቅርፊት በተመሳሳይ ገጽ። ካልገጠመ አልገጠመም። የሚቀርብ ግን እርግጠኛ ያልሆናችሁበት ከሆነ ሲ.ኤፍ. ብላችሁ ጻፉ፣ ዘመድ ነው ግን ሌላ ስፒሽስ ነው ብላችሁ ካሰባችሁ አፊኒስ፣ ጂነሱ ላይ ጥርጣሬ ካላችሁ ከጂነሱ ስም ኋላ የጥያቄ ምልክት። እነዚህን ማስገባት የሚያሳፍር አይደለም፣ እንደውም ጥርጣሬያችሁን የሚያነብ ሰው በቀሪው ላይ ይበልጥ ያምናችኋል።

ደረጃ 6፦ ልዩነቱ የስፒሽስ ነው ወይስ የዕድሜ?

ስም ከመለየታችሁ በፊት ብዙ ቅርፊት አሰልፉ፣ ሁለትና ሦስት አይበቃም። ሳኩሊፈር ላይ ለረዥም ጊዜ አራት ስም ነበር፣ ከረጢት ያለው ሳኩሊፈር፣ የሌለው ትሪሎበስ፣ ኢማቱረስና ኳድሪሎባተስ። በ2013 የወጣ የዲኤንኤ ጥናት ዛሬ በሕይወት ያሉት አራቱም መልኮች አንድ ባዮሎጂካል ስፒሽስ እንደሆኑ አሳየ፣ ከረጢቱ ራሱ መጨረሻ ላይ የሚመጣ ክፍል ነው፣ ሳይደርስበት የሞተው "ትሪሎበስ" ተብሎ ሲቆጠር ነበር ማለት ነው።

ታዲያ ፎሲሉ ላይ አንድ እናርጋቸው? እዚህ ላይ የኔ ሐሳብ እንዲህ ነው፦ የቅርብ ዘመን ደለል ከሆነ፣ የኳተርነሪ ማለቴ ነው፣ ሳኩሊፈር ብላችሁ ደምሩ። ማዮሲን ላይ ግን ትሪሎበስ ቅርጽ መጀመሪያ ይመጣል ከረጢቱ በኋላ ነው የሚመጣው፣ ያ ቅደም ተከተል ዕድሜ ይነግራችኋል፣ ስለዚህ ለዩዋቸው፣ ሞርፎስፒሽስ (በቅርጽ ብቻ የተለዩ) መሆናቸውን ግን በግልጽ ጻፉ። ወደ መጨረሻው ደግሞ ጣት የመሰለ ነገር የሚያወጣው ፊስቱሎሰስ አለ፣ እሱ ከ1.88 ሚሊዮን ዓመት በፊት ስለጠፋ ከሳኩሊፈር ጋር ከደመራችሁት አንድ ምርጥ የዕድሜ ምልክት በእጃችሁ አጠፋችሁ።

ተቃራኒው ደግሞ አለ፣ አንድ የተባለው ሁለት ሆኖ የሚገኝበት። ፓኪደርማ የምንለው ግራና ቀኝ ይጠቀለላል፣ ግራው የበረዶ ውሃ ነው ቀኙ ለብ ያለ ይወዳል፣ ድሮ አንዱ ስፒሽስ በሙቀት ምክንያት አቅጣጫ ይቀይራል ይባል ነበር፣ ዲኤንኤው ግን ሁለት ስፒሽስ መሆናቸውን ስላሳየ በ2006 ቀኙ ኢንኮምፕታ የሚለውን ስም አገኘ፣ ስሙ ደግሞ አዲስ አልነበረም፣ ከ1961 ጀምሮ ተቀምጦ የነበረ ነው። አዲስ ስም ከመፍጠራችሁ በፊት የድሮውን መፈለግ ያለባችሁ ለዚህ ነው።

ደረጃ 7፦ ወደ ሌላ ጂነስ ማዛወር

አሁን ዋናው ላይ ደረስን። ጂነስ ማለት ከአንድ አያት የወረደ ቤተሰብ እንዲሆን ነው የሚፈለገው። ግሎቢጀሪኖይደስ ውስጥ ያሉት ግን ሁለት አያት ነበራቸው። የዲኤንኤ ዛፉ ላይ ሩበር ከኮንግሎባተስ ጋር ይቆማል፣ ሳኩሊፈር ሌላ ቅርንጫፍ ላይ ነው፣ ፎሲሉም ሲመረመር ሁለቱ መስመሮች ወደ ኋላ ሲሄዱ የማይገናኙ ሆነው ተገኙ፣ ጀርባው ላይ ያለው ተጨማሪ አፍ እንግዲህ ከአንድ ጊዜ በላይ የመጣ ነገር ነው።

እናንተም አንድ ስፒሽስ ለማዛወር ስታስቡ እነዚህን በቅደም ተከተል አጣሩ። ግድግዳው አሁን ካለበት ጂነስ መነሻ ስፒሽስ (የጂነሱ ስም የታሰረበት ስፒሽስ) ጋር ይገጥማል? ካልገጠመ ከየትኛው ጋር ነው የሚገጥመው? ከዛ ወደ ታች ውረዱ፣ ተከታታይ ሳምፕል ባለበት ኮር ላይ ስፒሽሱ ከመጀመሩ በፊት ያሉትን ንብርብሮች ፈልጉና ማን ወደሱ እየተለወጠ እንደመጣ መሃለኛ ቅርጾቹን ለቅማችሁ ፎቶ አንሱ፣ መሃለኛ ከሌለ "አያቱ እገሌ ነው" ማለት ግምት ብቻ ነው። ይሄን አንድ ቦታ ላይ አይታችሁ አትቁሙ፣ ሌላ ውቅያኖስ ላይም ድገሙት፣ ምክንያቱም አንድ ኮር ላይ ክፍተት ካለ ወይ ስፒሽሱ ከሌላ ቦታ ፈልሶ የመጣ ከሆነ የሐሰት ቅደም ተከተል ይሰጣችኋል። የመጨረሻዎቹን ክፍሎች በመርፌ ሰብራችሁ የልጅነት ጥቅልሉንም እዩ፣ አዋቂው ላይ የማይታይ ዝምድና እዛ ይወጣል። በሕይወት ያለ ዘመድ ካለው ዲኤንኤውን አክሉበት።

ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ካመለከተ አዛውሩ። ሁለቱ ብቻ ካመለከቱ ባለበት ይቆይ፣ የጥያቄ ምልክት ጨምሩበት። ስም ቶሎ ቶሎ የሚቀያየርበት ቡድን ላይ መሥራት ለሁሉም ሰው ስቃይ ነው፣ በተለይ ከኋላ ለሚመጣ ተማሪ።

አንድ ልብ የሚባል ነገር፦ ጂነስ ሲከፈል ስሙ የሚቀረው መነሻ ስፒሽሱ ካለበት ወገን ጋር ነው። የግሎቢጀሪኖይደስ መነሻ ሩበር ስለሆነ ስሙ ከሩበር ጋር ቀረ፣ የወጣው ሳኩሊፈር ወገን አዲስ ስም አስፈለገው፣ መነሻው ትሪሎበስ ሆኖ ትራይሎባተስ ተባለ። ምርጫ አይደለም፣ ሕጉ ነው።

ግልጽ ድንበር የማይገኝበትም አለ። ከትራይሎባተስ ወገን ማዮሲን ላይ ቀስ በቀስ መጨረሻው ክፍል ሌሎቹን እየዋጠ ፕሪኦርቡሊና ከዛ ኦርቡሊና ይሆናል፣ ከ15 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት። መሃሉ ላይ ሁሉም ዓይነት አለ፣ የምትቆርጡት በአፎቹ ብዛትና ቅርጽ ተስማምታችሁ ነው፣ እና የቆረጣችሁበትን መስፈርት በቁጥር ጻፉት፣ "ብዙ አፍ" አትበሉ።

ደረጃ 8፦ ስሙን መጻፍ

ብሬዲ በ1877 ሳኩሊፈርን ሲሰይመው ግሎቢጀሪና ሳኩሊፈራ ብሎ ነው። ዛሬ ትራይሎባተስ ሳኩሊፈር (ብሬዲ፣ 1877) ተብሎ ይጻፋል፣ ቅንፉ የሚነግራችሁ ስፒሽሱን የሰየመው ሰው በሌላ ጂነስ ስር እንደነበር ነው። ጂነሱ ካልተቀየረ ቅንፍ የለም፣ ግሎቢጀሪና ቡሎይደስ ዶርቢኒ፣ 1826። የስፒሽሱ ስም ቅጽል ከሆነ መጨረሻው ከጂነሱ ጾታ ጋር ይስማማል፣ ግሎቢጀሪና አንስታይ ስለሆነ ሩብራ ነበር፣ ግሎቢጀሪኖይደስ ተባዕታይ ስለሆነ ሩበር ሆነ። ስታዛውሩ ይሄን ማስተካከል የናንተ ሥራ ነው፣ ዓመቱና የሰውየው ስም ግን አይነካም።

ከዛ የስም ታሪክ ዝርዝር ሥሩ፣ ከመጀመሪያው ስም ጀምሮ ማን መቼ ምን ብሎ እንደጠራው፣ ፎቶውን አይታችሁ የተስማማችሁበትን ብቻ። ያላያችሁትን ፎቶ ከሌላ ሰው ዝርዝር አትገልብጡ፣ ስህተት ከአንዱ ዝርዝር ወደ ሌላው እየዞረ አስርት ዓመታት የሚኖረው በዚህ ነው። ሁለት ስም አንድ ከሆነ የቀደመው ይቀድማል፣ ግን ሳኩሊፈርን እዩት፣ ኳድሪሎባተስ በ1846 ትሪሎበስ በ1850 ነው የተሰየሙት፣ ሁለቱም ይቀድሙታል፣ ሆኖም ለሕያዋኑ ሳኩሊፈር የሚለው ስም ሥነ ጽሑፉን ስለሞላው እሱን መጠቀም ቀጥሏል። እንዲህ ዓይነት ነገር ሲገጥማችሁ ራሳችሁ አትወስኑ፣ የቀደሙት የተከራከሩበትን አንብባችሁ የትኛውን ለምን እንደተከተላችሁ አንድ አረፍተ ነገር ጻፉ። አዲስ ጂነስ ወይ ስፒሽስ በኦንላይን ጆርናል ብቻ ካወጣችሁ ደግሞ ዙባንክ በሚባለው የእንስሳት ስሞች መዝገብ ላይ መመዝገብ አለበት፣ ከ2012 ጀምሮ ካልተመዘገበ ስሙ አይጸናም።

ደረጃ 9፦ የድሮውን ዳታ

ኤክሴላችሁ ላይ የድሮውን ስም አጥፍታችሁ አዲሱን አትጻፉበት። አንድ ዓምድ መጀመሪያ የተቆጠረበት ስም፣ አንድ ዓምድ አሁን የተቀበላችሁት ስም፣ አንድ ዓምድ የማንን ምደባ እንደተከተላችሁ። አንድ የ1980ዎቹ ሰንጠረዥ ላይ "ግሎቢጀሪኖይደስ ትሪሎበስ" የሚል ካለ ትራይሎባተስ ማለት ትችላላችሁ፣ "ግሎቢጀሪኖይደስ ዝርያዎች" ብቻ ብሎ የደመረ ከሆነ ግን ስላይዱ ተገኝቶ እንደገና ካልተቆጠረ በቀር መክፈል አይቻልም፣ እንዳለ ተዉት። ፓኪደርማም እንዲሁ፣ ግራና ቀኝ ለይቶ የቆጠረ ካለ ቀኙን ኢንኮምፕታ አርጉት፣ ካልለየ የባሕር ሙቀት ስሌት ውስጥ አታስገቡት።

ስላይዱን ቁጥር ሰጥታችሁ፣ ፎቶ የተነሳው ቅርፊት የትኛው ካሬ ላይ እንዳለ ጽፋችሁ፣ ለሌላ ሰው ክፍት የሆነ ሙዚየም ወይ የዩኒቨርሲቲ ስብስብ ውስጥ አስቀምጡ፣ የካሬውን ቁጥርም ከፎቶው ስር አውጡት፣ ያዛወራችሁትን የማይቀበል ሰው ያንኑ ቅርፊት አውጥቶ ማየት እንዲችል።